የአሮጌ መኪና ጣሪያ ልብስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና የአምዱ መልስ

ክረምት ሊገባ ሲል ስለ ጣሪያ ልብስ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ስለዚህ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ከጠያቂዎቻችን ብዙዎቹ የሚጀምሩት «ጨርቁ ከየት ይገኛል?» ብለው ነው። እኛ ግን አስቀድመን «የቀድሞው በምን ተበላሸ?» ብለን እንጠይቃለን። የጣሪያ ልብስ ከመሐሉ ተነሥቶ የሚያልቀው ከስንት አንዴ ነው። ብልሽቱ የሚጀምረው ከጠርዙ፣ ከስፌቱ፣ ከማስቲሹና ከመስታወቱ ጎማ ሥር ነው። ያ ቦታ ሳይመረመር የተገጠመ አዲስ ልብስ ምንም ውድ ቢሆን ዕድሜው አጭር ይሆናል። በዚህ አምድ የተጠቀሱት የመኪና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያለኝ የ1967 ቮልስዋገን ነው። የውስጥ ጣሪያ ልብሱ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሲሆን ከኋላ መስታወቱ በላይ ተቀዶ ተንጠልጥሏል። አንዱ ባለሙያ እዚሁ ሰፍቼ እገጥምልሃለሁ አለኝ። ሌላው ደግሞ ተሰፍቶ ያለቀውን ከውጭ አስመጣ ይላል። የቱ ይሻላል? ራሴስ ልገጥመው እችላለሁ?
ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት መኪናዎ በእርግጥ የ1967 መሆኑን ያረጋግጡ። ሊብሬ ላይ የሰፈረው ዓመት ሁልጊዜ ከሞዴሉ ዓመት ጋር አይገጥምም። የኋላ ወንበሩን ያንሡና በመሐል በሚያልፈው ጉብ ያለ ቆርቆሮ ላይ የተመታውን የሻሲ ቁጥር ያንብቡ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ11 ከጀመረ ተራው ቮልስ ነው፤ በ15 ከጀመረ ሸራ ጣሪያ ያለው ካብሪዮሌ ነው። ሦስተኛው አኃዝ የሞዴል ዓመቱ የመጨረሻ ቁጥር ስለሆነ 117 ብሎ የሚጀምር መኪና የ1967 ሞዴል ነው። ፋብሪካው የሞዴሉን ዓመት የሚጀምረው ከነሐሴ ወር ስለነበር፣ በ1966 መጨረሻ የተሠራ መኪናም የ1967 ሞዴል ይባላል።

ዓመቱ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል ቢሉ፣ የቮልስ መስታወቶች በ1965 ሞዴል ሁሉም ሰፍተዋል። የ1964ቱ ጣሪያ ልብስ ለእርስዎ መኪና አይሆንም። በ1972 ሞዴል የኋላ መስታወቱ ደግሞ ወደ ላይ ከፍ ብሏል። 1303 የሚባለው ሞዴል የፊት መስታወቱ ጎባጣ ስለሆነ የፊት ጠርዙ አቆራረጥ ይለያል። ተንሸራታች የብረት መስኮት ጣሪያው ላይ ያለው መኪናም ልብሱ ሌላ ነው። እስከ 1962 ሞዴል ድረስ የነበረው የሱፍ ጨርቅ ሲሆን ቪኒል፣ ማለትም እንደ እርስዎ ያለው የፕላስቲክ ልብስ፣ የመጣው ከ1963 ሞዴል ወዲህ ነው። ስለዚህ ሲያዙ የሻሲ ቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት አኃዞችና ጣሪያው መስኮት ያለው መሆን አለመሆኑን አብረው ይላኩ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ ውሳኔው በአሮጌው ልብስ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቢቀደድም ቁራጮቹ ሁሉ ካሉ፣ ጎበዝ የወንበር ልብስ ሰፊ እነሱን ፈትቶ እንደ ቅድ ተጠቅሞ ጥሩ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ተበጣጥሶ ግማሹ ከጠፋ ግን ተሰፍቶ ያለቀውን ማስመጣት ይሻላል። የኋላ መስታወቱ ዙሪያ ያለው ቅርጽ በግምት ተቆርጦ ሲሳካ አላየንም። ቲ.ኤም.አይ. የተባለው የካሊፎርኒያ ድርጅት ለቮልስ የጣሪያ ልብስ ከሚሠሩት አንዱ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ ይዞልዎት የሚመጣ ከሆነ በካርቶን ቱቦ ላይ እንዲጠቀለል ይንገሩት። ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ የከረመ ቪኒል የእጥፋቱ መሥመር ቶሎ አይለቅም።

እዚሁ የሚሰፋ ከሆነ ጨርቁ ላይ ይጠንቀቁ። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ለሶፋ የተሠራ ወፍራም ቪኒል ነው። እሱ ከብዶ ይጎትታል፤ ጥግ ላይ አይታጠፍም፤ ልብሱን ከጣሪያው የሚሰቅለው ሽቦ በሚያልፍበትም ያብጣል። የሚፈለገው ስስ ሆኖ ጀርባው በሹራብ መልክ የተሠራ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ትንሽ የሚለጠጥ ነው። ሲገዙ ጥጉን ይዘው በአግድም ይሳቡት። ምንም የማይሰጥ ከሆነ ይተዉት። ስፋቱ 1.40 ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ተኩል ቢገዙ ለበር መሐል ምሰሶዎችም ይተርፋል። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ይበሰብሳል፤ ናይለን ክር ደግሞ ፀሐይ ያደርቀዋል። አንዱ ስፌት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይርዘም። ከዚያ ካጠረ መርፌው ቪኒሉን እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳውና በዚያው መሥመር ይቀደዳል። ሽቦዎቹ የሚገቡበት ቱቦ ከቪኒሉ ታጥፎ ሳይሆን ከጠንካራ ጨርቅ ለብቻው ተቆርጦ ይሰፋ።

ራስዎ መግጠም ይችላሉ፤ ግን አንድ ረዳትና ሁለት ሙሉ ቀን ይኑርዎት። የፊት፣ የኋላና የጎን መስታወቶች ሁሉ መውጣት አለባቸው። ይህን ለመሸሽ ጠርዙን ከጎማው ሥር በቢላ ወትፈው የሚገጥሙ አሉ። በጥቂት ወር ውስጥ ይወጣል። የፀሐይ መከላከያውን፣ የውስጥ መስታወቱን፣ የጣሪያ መብራቱን፣ መያዣዎቹንና የበሩን ዙሪያ ጎማ ያውጡ። የባትሪውን ገመድ አስቀድመው ይንቀሉ፤ ቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበሩ ሥር ነው።

አሮጌውን ሲያወርዱ አይቅደዱት። ከፊት ወደ ኋላ እየሄዱ በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ቁጥር ይጻፉ። ሽቦዎቹ ርዝመታቸውም ጉብታቸውም አንድ አይደለም። ከተቀያየሩ ልብሱ አንድ ቦታ ይረግባል፣ ሌላ ቦታ ይወጠራል፤ ጥፋቱንም በልብሱ ላይ ያሳብባሉ። ዝገት ካለባቸው በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው ቀለም ይቀቧቸው፤ ካልሆነ ዝገቱ በነጩ ቪኒል ላይ ቡናማ መሥመር ሆኖ ይወጣል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ መጣ። ጣሪያው ባዶ ሲሆን የመስታወቶቹን ዙሪያ የቆርቆሮ ጠርዝ በባትሪ መብራት ይመርምሩ። የእርስዎ ልብስ ከኋላ መስታወቱ በላይ መቀደዱ ራሱ ምልክት ነው፤ የደረቀ ጎማ ውሃ ያስገባል፣ ጠርዙ ይዝጋል፣ የዛገው ጠርዝ ማስቲሹን ይለቃል፣ ከዚያ ልብሱ ክብደቱን ሁሉ በአንድ ጥግ ይሸከማል። ቆርቆሮው ከተበላ ባትላሜራ ይሥራው። ላይ ላዩን ከሆነ ብረቱ እስኪነጣ ጠርገው ፀረ ዝገት ቀለም ይቀቡትና ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። እርጥብ ቀለም ላይ የተቀባ ማስቲሽ ቀለሙን ይዞ ይላጣል። የጣሪያ መብራቱ ሽቦ ያረጀ ከሆነ የሚለወጠው አሁን ነው፤ በኋላ መንገድ የለውም።

አዲሱን ልብስ ከመግጠምዎ በፊት ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ዘርግተው ይተዉት። የፊትና የኋላ ጠርዙን መሐል በጠመኔ ምልክት ያድርጉ፤ መኪናው ላይም እንዲሁ። ሽቦዎቹን በየቱቦአቸው ያስገቡና በየቁጥራቸው ይስቀሏቸው። የሽቦው ቱቦ ከሁለቱም ጫፍ ረዝሞ ልብሱን ወደ ላይ የሚይዘው ከሆነ በየጊዜው አንድ አንድ ሳንቲም ሜትር ብቻ እየቆረጡ ያሳጥሩት። አብዝቶ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። ከዚያ ምንም ሳይለጥፉ ልብሱን ከመሐል ፊት፣ ከመሐል ኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ጎን እየወጠሩ በልብስ መቆንጠጫ ይያዙት። ሃያ ሠላሳ መቆንጠጫ ይፈልጋል። ሽብሽቡ ሁሉ የሚጠፋው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። በማስቲሽ የሚጠፋ ሽብሽብ የለም።

ማስቲሹን በተመለከተ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለጫማ የሚሸጠው ተራ ማስቲሽ ቆዳና ጎማ ላይ ጥሩ ነው። ቪኒል ግን እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ዘይት መሰል ነገር አለው። ያ ዘይት ቀስ እያለ ወደ ማስቲሹ ይገባና ያለሰልሰዋል። በዚያ ላይ ፀሐይ የመታው ጣሪያ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱ ሲገናኙ ጠርዙ እንደ ማስቲካ እየተሳበ ይለቃል። ስለዚህ ለመኪና ጣሪያ የተሠራና ሙቀት የሚቋቋም መሆኑ ጣሳው ላይ የተጻፈበትን ይግዙ። ዌልድዉድ ላንዳው የሚባለው ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው። አንድ ሊትር ለአንድ ቮልስ ከበቂ በላይ ነው። በቆርቆሮውም በልብሱም ጀርባ በብሩሽ ስስ አድርገው ይቀቡ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ጣት ሲነካው ተጣብቆ ክር ካልሳበ ደርሷል። በአንድ ጊዜ ከ30 ሳንቲም ሜትር በላይ አይለጥፉ። በሮቹ ሁሉ ክፍት ይሁኑ፤ ሽታው ራስ ያዞራል፣ ይቃጠላልም።

የኋላ መስታወቱ ጥግ ላይ ልብሱ እንዲታጠፍ በመቀስ እንደ «V» ይከፈታል። ቅዱ ከቆርቆሮው ከንፈር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሳይደርስ ይቁም፤ ካለፈ ከጎማው ውጭ ይታያል። የተረፈውን ትንሽ ሽብሽብ የጸጉር ማድረቂያ ፎን ከ20 ሳንቲም ሜትር ርቀት እያንቀሳቀሱ ያጥፉት። ትርፉን ጠርዝ የሚቆርጡት በማግስቱ፣ 2 ሳንቲም ሜትር አስቀርተው ይሁን። መስታወቶቹን ሲመልሱ አዲስ ጎማ ይግዙ። በአሮጌ ጎማ አዲስ ልብስ መግጠም ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው። በጎማው ቦይ ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ሲባጎ ያስገቡ፤ በሳሙና ውሃ ያለስልሱት፤ ረዳትዎ ከውጭ በመዳፉ እየገፋ እርስዎ ሲባጎውን ከውስጥ ይሳቡ።

ጥያቄ፦ የላንድ ሮቨር ሲሪስ 3 ባለቤት ነኝ፤ ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው 109 ኢንች የሆነው። አዲስ የጥጥ ሸራ ከእንግሊዝ አስመጥቼ አስገጠምሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ በየስፌቱ ይንጠባጠብ ጀመር። ተታለልሁ ማለት ነው?
ከአርባ ምንጭ

መልስ፦ አልተታለሉም፤ ሸራው ገና አልጠገበም። የጥጥ ሸራ ውሃ የሚከለክለው ክሩ ሲረጥብ አብጦ በመካከሉና በስፌቱ ያለውን ቀዳዳ ሲደፍን ነው። አዲስ ሸራ ይህን አንድ ሁለቴ አድርጎ መልመድ አለበት። መኪናውን ውጭ አቁመው ሸራውን በንጹሕ ውሃ ሙሉ በሙሉ ያርጥቡ፤ እንደ ተወጠረ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያም በኋላ የሚያንጠባጥብ ስፌት ካለ በውስጥ በኩል የንብ ሰም ያሽበት። በዝናብ ጊዜ ሸራውን ከውስጥ በእጅ ወይም በዕቃ አይንኩት። ውሃው በነኩት ቦታ ተከትሎ ይገባል።

ገመዶቹን አንዘንጋ። የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ይሰበሰባል፤ የተፈጥሮ ገመድም እንዲሁ። ደረቅ ሳለ እንደ ከበሮ የተወጠረ ሸራ ሌሊት ዝናብ ሲመታው የብረት ቀለበቶቹን ገንጥሎ ይወጣል። በክረምት ገመዱን ሁለት ጣት ያህል አላልተው ይሰሩ። ሸራው የሚያርፍባቸውን የቧንቧ ቀስቶችም ይዳስሱ። ዝገት ወይም የብየዳ ጉጥ ካለ በየጉድጓዱ ሸራውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። አለስልሰው ቀለም ይቀቧቸው።

ሸራውን በኦሞ አይጠቡ። ዱቄት ሳሙና የውሃ መከላከያውን ቅብ ያወጣዋል። ጭቃው ይድረቅ፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይታጠብ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ውሃው እንደ ዶቃ መንከባለሉን ትቶ መስረግ ሲጀምር እንደ ፋብሲል ያለ የድንኳን ቅብ በደረቅና ንጹሕ ሸራ ላይ ይቀቡት።

አዲስ አበባ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ርካሽም ይሆናል። የእነሱ ሸራ በፕላስቲክ የተለበጠ ፖሊስተር ነው። ውሃ ፈጽሞ አያስገባም። ሆኖም አይተነፍስም፤ ጧት ላይ የሰው ትንፋሽ ከውስጥ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል፤ በቆላ ሙቀትም እንደ ምድጃ ይሆናል። ለዕለት ሥራ መኪና ይበቃል። እንደ ፋብሪካው ማቆየት ለሚፈልግ ግን ጥጡን እንመርጣለን። ከእንግሊዝ ኤክስሙር ትሪም የተባለው ድርጅት ለላንድ ሮቨር ይሠራል። ሲያዙ ሲሪሱን፣ 88 ወይም 109 መሆኑን፣ የጎን መስኮት መፈለግዎን ይግለጹ።

ጥያቄ፦ እዚህ ቦሎኛ ውስጥ የ1969 ፊያት 500 ኤል ገዝቼ ሸራውን ለወጥሁ። ከፊት መስታወቱ በላይ ውሃ ይገባል። ሸራው ራሱ ሙሉ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሸራው ሙሉ ከሆነ ውሃው የሚገባው ከማተሚያ ጎማው ወይም ሸራው በደንብ ካለመወጠሩ ነው። የፊት ጎማው ላይ የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱ፤ ጣሪያውን ዘግተው መያዣውን ይቆልፉ፤ መልሰው ይክፈቱ። ዱቄቱ በጠርዙ ብረት ላይ ሙሉ መሥመር ካልተወ የተቋረጠበት ቦታ ነው የሚያፈሰው። ጎማው ጠፍጥፎ ከሆነ ይለወጥ። ብረቱ ጎብጦ ከሆነ ቀስ ብሎ ይቃና። ዱቄቱ ሙሉ መሥመር ከተወ ደግሞ በዝግታ የሚፈስ ቱቦ ይዘው ከታች ወደ ላይ እየወጡ ያርጥቡ፤ ሌላ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ ይይ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ወርዶ ያሳስትዎታል።

ብዙ ጊዜ የምናየው ስሕተት ሸራውን በብርድ መግጠም ነው። የቀዘቀዘ ቪኒል አይለጠጥም፤ መያዣው እንዲዘጋ ብለው ከኋላ ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ያላሉታል፤ በበጋ ሙቀት ሸራው ረግቦ በመሐሉ ውሃ ይቋጥራል። ፀሐያማ ቀን ይምረጡ፤ መጀመሪያ ከኋላ ያጥብቁት፤ መያዣው በሁለት እጅ ጉልበት ብቻ የሚዘጋ ሲሆን ልክ ነው። ለሁለት ሳምንት ሳይከፍቱ ይተዉት፤ ቅርጹን ይይዛል። የኋላ ብሎኖቹ የማይዝጉ ይሁኑ።

ሌላ ሸራ ማዘዝ ካስፈለገ ይህን ይወቁ፦ በ1957 የወጣው የመጀመሪያው ፊያት 500 ሸራው እስከ ሞተር ክዳኑ ይወርድ ነበር፤ የኋላ መስኮቱም በሸራው ላይ የተሰፋ ፕላስቲክ ነበር። የእርስዎ አጭር ጣሪያ ነው። ጃርዲኔራ የሚባለው ደግሞ ረጅም የራሱ ሸራ አለው። ሻጩ «ለ500 ይሆናል» ብቻ ካለ አይግዙ። ጣሪያውን ሲከፍቱ እጥፋቱ ወደ ላይ እኩል ይቀመጥ፤ በቀስቶቹ መካከል የተቆነጠጠ ሸራ በዚያው ይሰነጠቃል። ለሳምንታት ታጥፎ የቆመ ጣሪያ ይሰበሰባል፤ ከዚያ አይዘጋም።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አባታችን የተዉልን የ1971 ቮልስዋገን ካብሪዮሌ አለ። የጣሪያው የውጭ ልብስ ተሰነጣጥቋል። ቪኒል ይሁን ወይስ ሸራ? «ሞሄር» የሚባለውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ ይህ ጣሪያ ከተራ ሸራ ጣሪያዎች ሁሉ የተለየ ነው። ካርማን የተባለው ድርጅት በኦስናብሩክ ከ1949 እስከ 1980 መጀመሪያ የሠራው ይህ መኪና ጣሪያው ድርብርብ ነው፦ ከውስጥ ልብስ፣ ከመካከል በጎማ የተያያዘ የፈረስ ጸጉር ፍራሽ፣ ከላይ የውጭ ልብስ፤ የኋላ መስኮቱም እውነተኛ መስታወት ነው። ስለዚህ የውጩን ብቻ ልለውጥ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ውጩን ሲከፍት ሌላው ሁሉ አልቆ ያገኘዋል።

ከጨርቁ በፊት እንጨቱን ይዩ። ከፊት መስታወቱ በላይ የሚያርፈው መሻገሪያና ከኋላ ልብሱ የሚመታበት ዙሪያ እንጨት አለው። በወስፌ ይውጉት፤ በቀላሉ ከገባ በስብሷል። የበሰበሰ እንጨት ምስማርም ስቴፕልም አይይዝም፤ አዲሱ ጣሪያ በመጀመሪያው የአውራ ጎዳና ንፋስ ይነሣል። ተተኪ እንጨት ተሠርቶ ይሸጣል። ስቴፕሉ የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራው ስቴፕል ዝጎ ጨርቁንም እንጨቱንም ያቃጥላል።

ቪኒል ርካሽ ነው፤ ለማጽዳትም ይቀላል። ድክመቱ ብርድ ነው። በብርድ ሲታጠፍ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ ክረምቱ ረጅም ነው። ሸራው ሦስት ንብርብር ያለው ነው፦ ከላይ ቀለሙ ከክሩ ጋር አብሮ የተሠራ አክሪሊክ፣ ከመካከል ጎማ፣ ከሥር ሽፋን ጨርቅ። በአሜሪካ ስቴይፋስት፣ ለጀርመን መኪኖች ደግሞ ሶነንላንድ የሚባሉት በዚህ አሠራር የሚመጡ ናቸው። ስቴይፋስትን የሚሠራው ሃርትዝ ከ1907 ጀምሮ ያለ የማሳቹሴትስ ድርጅት ነው። «ሞሄር» በጥንት ዘመን የፍየል ጸጉር ነበረ፤ ዛሬ ሻጮች በዚህ ስም የሚጠሩት በብዛት ይኸንኑ አክሪሊክ ነው። ስሙን ትተው ከምን እንደ ተሠራ ይጠይቁ። ካብሪዮሌው ለሩቅ ጉዞና ለብርድ ጭምር የሚነዳ ከሆነ የእኛ ምርጫ ሸራው ነው።

የውስጥ ጣሪያ ልብስን ራስዎ እንዲገጥሙ ከላይ መክረናል። ይህን ግን ካርማን ጣሪያ ከዚህ በፊት ለገጠመ ሰው ይስጡ፤ የሠራውን መኪና ዝግ ሆኖም ተከፍቶም ለማየት ይጠይቁ። የኋላ መስታወቱ ዙሪያ ቀጥ ያለና ሽብሽብ የሌለበት ከሆነ ባለሙያ ነው።

ከተሠራ በኋላ፦ መኪና ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አያስገቡት፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃም ስፌቱን ይከፍታል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጥረጉ፣ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ፣ ሳሙናው እስኪያልቅ ያለቅልቁ። እርጥብ ጣሪያ በፍጹም አይታጠፍ። ሻጋታ ጀምሮ ከሥሩ ጥጡን ይበላል። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሸራ የተሠራ ውሃ መከላከያ ይረጩ፤ ሲረጩ መስታወቱንና ቀለሙን ይሸፍኑ። የወፍ ኩስ በጥፍር አይፋቅ፤ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጠው ሲለሰልስ ያንሡት።

ጥያቄ፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራች መኪናዬ የጣሪያ ጨርቋ እንደ ፊኛ ወርዶ ራሴን ይነካኛል። አንድ ጋራዥ በስፒል ወጋግቶ ያዘልኝ፤ ሌላው ማስቲሽ በሲሪንጅ ወጋበት። በሁለቱም ጊዜ ጨርቁ ተመልሶ ወረደ።
ከሐዋሳ

መልስ፦ የእርስዎ ጣሪያ በሽቦ የተሰቀለ ሳይሆን በተቀረጸ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ነው። በጨርቁና በሰሌዳው መካከል ስስ ስፖንጅ አለ። ያ ስፖንጅ ከሙቀትና ከእርጥበት የተነሣ ወደ ዱቄትነት ተለውጧል። ማስቲሹ የተጣበቀው ከዱቄት ጋር ነው፤ ስለዚህ መውረዱ አይቀርም።

ሰሌዳውን ሳይሰበር ያውጡት፤ ከኋላ በር በኩል ሁለት ሰው ሆኖ። ጨርቁን ይግፈፉ። የቀረውን ስፖንጅ በለስላሳ የፕላስቲክ ብሩሽ አንዲት ብናኝ ሳይቀር ይጥረጉ። አፍንጫና አፍዎን ይሸፍኑ። ሥራው በዚህ ጽዳት ይለካል፤ ቤንዚን ወይም ቲነር ግን አይጠቀሙ፣ ሰሌዳውን ያሟሟዋል። አዲሱ ጨርቅ ጀርባው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስፖንጅ ያለው ይሁን። ስፖንጅ የሌለው ጨርቅ የሰሌዳውን ጉድለት ሁሉ ያሳያል፣ ማስቲሹም ሰርጎ ይወጣል። ግማሹን ጨርቅ ወደ ኋላ አጥፈው ከመሐል ወደ ጠርዝ በመዳፍ እየዳበሱ ይለጥፉ፤ ጉድጓድ ባለበት ጨርቁን ቀድመው ወደ ጉድጓዱ ያስገቡት እንጂ በላዩ ወጥረው አይለፉ።

ጥያቄ፦ የ1961 ቮልሴ ጣሪያ ኦሪጅናል የሱፍ ጨርቅ ነው። ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ጥቁር ነጠብጣብም አለው። በበረኪና ላጥበው?
ከደሴ

መልስ፦ በፍጹም። በረኪና ሱፍን ያሟሟል፤ ለጥጥም ቢሆን ክሩን ይገድላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ሳይቀደድ ከቆየ ከማንኛውም አዲስ ይበልጣልና ይታገሡት።

መጀመሪያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአቧራ መሳቢያ ማሽን ያውጡ፤ የማሽኑን አፍ በስስ ጨርቅ ሸፍነው፣ ሳይጎትቱ። ቀጥሎ ትንሽ ለሱፍ የሚሆን ሳሙና በውሃ ይምቱና አረፋውን ብቻ በስፖንጅ ያንሡ፤ በማይታይ ጥግ ይሞክሩ። አረፋውን ከስፌት እስከ ስፌት አንድ ሙሉ ክፍል ያዳርሱ። ነጠብጣቧን ብቻ ካጸዱ በዙሪያዋ የውሃ ቀለበት ይቀራል። ጨርቁ ራሱ እንዳይርስ፤ የራሰ ሱፍ ይሰበሰብና ከጠርዙ ማስቲሹን ይጎትታል። በሮቹን ከፍተው በጥላ ያድርቁት።

ጥቁሩ ነጠብጣብ ሻጋታ ከሆነ በላዩ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ የመስታወቱን ጎማና የጣሪያውን ስፌት ይፈልጉ። ጥቃቅን ቀዳዳ ካዩ ግን የብል ሥራ ነው። መኪናው ሳይነዳ የሚከርም ከሆነ በወር አንድ ቀን በሮቹን ከፍተው ያናፍሱት፤ ብል ጨለማና ጸጥታ ይወዳል። ሲያቆሙትም በፕላስቲክ ሸራ አጥብቀው አይሸፍኑት፤ የሚተነፍስ የጥጥ መሸፈኛ ይጠቀሙ።